ተሳቢው መግፋት ሲጀምር

ባለፈው ሳምንት አዳማ መውጫ ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት ጎማ እያስለጠፍኩ ነበር። ከውስጥ ሬዲዮ ይጮኻል። ዜና አንባቢው ስለተገለበጠ ከባድ መኪና አወራና እንደተለመደው «ፍሬን በጥሶ» ብሎ ደመደመው። አጠገቤ ቡናውን የያዘ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ፤ «ቆላ ሲገቡ እኮ ሙቀቱ ነው ፍሬኑን የሚያቀልጠው» አለ። ጎሚስታው ቀና ሳይል «አየር አልቆበት ነው» ሲል ጨመረ። በአንድ ስኒ ቡና ሦስት ምክንያት ሰማሁ፤ ሦስቱም ከእውነቱ አጠገብ አልደረሱም። እዚያ ዝም አልኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን አላስቻለኝም።

ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይቀይራል የሚለውን ሁላችንም ተምረን፣ ፈተና ላይ ጽፈን ረስተነዋል፤ እሱን አላብራራም። ለዛሬ የሚያስፈልገን ይህ ብቻ ነው፦ ተራራ ላይ የወጣ ጭነት ወደ ታች ሲመለስ፣ ሲወጣ የተከፈለበት ጉልበት አንድ ቦታ መግባት አለበት። ወይ ፍጥነት ይሆናል ወይ ሙቀት። ሹፌሩ ፍጥነት እንዳይሆን ከፈለገ ሙቀት እንዲሆን ፈቅዷል ማለት ነው።

ሰው በብዛት የሚፈራው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ መውረዱን ነው። እስቲ እንየው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ 1,650 አካባቢ። ልዩነቱ 700 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ደግሞ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሲካፈል በየሺህ ሜትሩ 8 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት ነው። በሌላ በኩል የከባድ መኪና ጎማ እየተጨፈለቀ ሲንከባለል ከክብደቱ ከሺህ 7 እጅ የሚሆን ኃይል ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቁልቁለቱ በ8 ይገፋል፣ ጎማው በ7 ይይዛል፣ የቀረችውን ንፋሱ ይበላታል። በአማካይ ሲታይ ፍሬኑ ሥራ ፈት ነው። (በአማካይ አልኩ እንጂ በየመሀሉ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቁልቁለት የለም አላልኩም።) ደግሞም የጂቡቲው መኪና ወደ እኛ ሲመጣ ጭኖ የሚወጣ ነው፤ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ሚሌን፣ አዋሽን፣ መተሐራን አልፎ አዳማ ይደርሳል፤ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ቀልሎት ይወርዳል።

አሁን ያንኑ መኪና ከነጭነቱ ወደ ጎጃም እንላከው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ። ከሺህ 8 የነበረው ከሺህ 70 ሆነ። ጎማው ዛሬም ያችኑ 7 ይዞ ይቀርባል። የቀረውን 63 ማን ይያዘው?

ከነጭነቱ 40 ቶን ቢመዝን፣ ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ድልድዩ እስኪደርስ የሚያራግፈው ሙቀት ስምንት በርሜል ውሃ አፍልቶ የሚተርፍ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከወረደ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የሚያወጣው ኃይል 200 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውም። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል። እንግዲያው ያ መኪና ወደ 60 የሚጠጉ ምጣዶች አግሎ፣ አንድም እንጀራ ሳይጋገርባቸው፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ተሸክሟቸው እየወረደ ነው። ችኮላ ይዞት በሰዓት 60 ከነዳው ምጣዱ ወደ 120 ይጠጋል፤ ጠቅላላ ሙቀቱ ያው ሆኖ፣ የሚበርድበት ጊዜ ግን በግማሽ ስላጠረ። ምጣድ ያልጣመው ከአዳማ በላይ ጋራው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ይመልከት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው። ሰባት መኪና ተከታትሎ ዓባይን ሲወርድ፣ በሙሉ ኃይሉ የሚሽከረከር አንድ ተርባይን የሚሰጠውን ያህል ወደ አየር ይበትናል።

ስለዚህ የቡናው ሰውዬ «የቆላ ሙቀት» ያለው ነገር አያስኬድም። በአዳማና በአዲስ አበባ መካከል የአየሩ ልዩነት አሥር ዲግሪ ቢሆን ነው። የፍሬን ታምቡር ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። 60 የጋለ ምጣድ መሀል ቆሞ «ዛሬ ፀሐይዋ በረታች» እንደ ማለት ነው።

ወደምወደው ነገር ደረስኩ። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ ነው። ውስጡ ሁለት ጫማ አለ፤ በጫማዎቹ ላይ ሸራ ተለጥፏል። (ሸራ እንላለን እንጂ ዛሬ ጨርቅነት የለውም፤ በሙጫ የተያዘ ጠንካራ ድብልቅ ነው። የመኪና ዘመን ሲጀምር ግን በእውነትም የተሸመነ ነበር፤ ስሙ ትክክል የነበረበት ጊዜ አለ።) ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ አየሩ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ካም ያዞራል፣ ካሙ ጫማዎቹን ወደ ውጭ ይከፍታቸዋል፣ ሸራው የታምቡሩን ውስጥ ይነክሳል።

ቃሉን ልብ በሉት፦ ወደ ውጭ። ብረት ሲግል ይሰፋል። ክዳኑ እምቢ ያለ የማር ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሲፈስበት የሚላቀቀው ለዚህ ነው። ታምቡሩም እንደ ክዳኑ በጋለ ቁጥር ከሸራው ይሸሻል። 41 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ታምቡር በ300 ዲግሪ ሲግል ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ ይሰፋል። ይህቺ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ዘንጉና ካሙ ግን ኃይል ለማብዛት ሲሉ ርቀትን የሚሠዉ ናቸው፤ ልክ በረጅም እንጨት ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው፦ ድንጋዩ ጣት ያህል እንዲነሳ እጁ ክንድ ያህል መውረድ አለበት። ስለዚህ ጫማው ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ጭማሪ ዘንጉ ላይ ብዙ ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የዘንጉ ጠቅላላ ጉዞ ደግሞ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሸራው ትንሽ ካለቀ፣ ፍሬኑም ከተቃኘ ከሰነበተ፣ ዘንጉ ዳር ይደርስና ይቆማል። ሹፌሩ በሙሉ ክብደቱ ረግጧል፣ አየሩ ሙሉ ነው፣ ቱቦው ደህና ነው፣ ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። እጁ በር ላይ ሊደርስ አንድ ጣት ቀርቶት የሚያንኳኳ ሰው ማለት ነው።

ችግሩ ይኼ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ሸራው ራሱ ሲግል ሙጫው መበስበስ ይጀምራል፣ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታል። የሚሸተው የተቃጠለ ነገር እሱ ነው። አሁን ሹፌሩ የበለጠ ይረግጣል፣ የሚሠራው ፍሬን የበለጠ ይግላል፣ እሱም በተራው ይሸሻል። ነገሩ ቀስ ብሎ ጀምሮ በመጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ ለተሳፋሪና ለዜና አንባቢ ደግሞ ድንገት የተበጠሰ ይመስላል።

ጎሚስታው «አየር አልቆበት ነው» ያለውስ? ከባድ መኪና ላይ ነገሩ ግልባጭ ነው። ከኋላ እግሮቹ ላይ ጠንካራ ሞላ አለ፤ የሞላው ፍላጎት ሁልጊዜ ፍሬን መያዝ ነው፤ አየሩ ነው ጨምቆ የሚያስለቅቀው። አየር ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና እግሩን ይይዛል። መንገድ ዳር ቆሞ አልነቃነቅ የሚል መኪና ያያችሁት እንደዚያ ሆኖ ነው። ይህን ስል ግን ጥንቃቄ አለብኝ፦ ሞላ የሌላቸው አሮጌ ተሳቢዎች አሉ፤ ደግሞም ታምቡሩ ግሎ ከሸሸ ሞላውም ቢሆን ያንኑ ዘንግ ስለሚገፋ ያው ዳር ላይ ይቆማል። በዘይት ፍሬን የሚሠሩት እንደ አይሱዙ ያሉ መካከለኛ መኪኖች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። እነሱ ላይ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይትም ሲግል ይፈላና መርገጫው ባዶውን ወለል ይነካል። ዜና አንባቢው ስለ እነሱ ቢሆን ያወራው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልነበረም እንጂ።

አንድ ጊዜ አንድ ረዳት ከጀሪካን ውሃ እየቀዳ በሚጨስ ታምቡር ላይ ሲያፈስ አየሁ። ጭሱ ተነነ፣ ብረቱ «ጭርር» አለ፣ ረዳቱ ደስ አለው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋች ሴት ምን እንደሚደርስባት ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ታምቡር ግን ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ እንደማይሰነጠቅ አድርገን እናስባለን። ይሰነጠቃል።

እንግዲህ 60ውን ምጣድ ማን ይሸከም? ሞተሩ። ናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ ላይ ከተነሳ ናፍጣ መርጨት ያቆማል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ሞተሩ በዚያች ሰዓት የአየር ፓምፕ ነው። በዜሮ ማርሽ፣ በሹፌሮች ቋንቋ በፎሌ፣ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው እዚህ ላይ ይፈርሳል፦ በፎሌ የሚወርድ ሞተር እንዳይጠፋ ናፍጣ ይጠጣል፣ ማርሽ ውስጥ ያለው ግን ምንም አይጠጣም። ቆጠብኩ ያለው ሰው ከፍሎበታል፤ 60ውንም ምጣድ ለሸራው አስረክቧል።

ፓምፑ ብቻውን ግን ጉድለት አለው። የብስክሌት መንፊያ አፉን በአውራ ጣት ዘግታችሁ ብትገፉት የታመቀው አየር መልሶ ይገፋችኋል፤ የሰጣችሁትን ትቀበላላችሁ። መገፋቱ ሲያበቃ ጣታችሁን ብታነሱ ግን አየሩ ፊስ ብሎ ይወጣል፣ ድካማችሁም አብሮ ይሄዳል። አሜሪካዊው የሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ ይህን ሐሳብ ወደ መሣሪያ ቀየረው። እ.ኤ.አ. በ1931 ካሊፎርኒያ ውስጥ የካሆንን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ከድቶት፣ ከታች ከባቡር ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተርፏል። ሐሳቡ ከአእምሮው አልወጣም፤ መሣሪያው በ1961 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ አንዳንድ መኪና ሲወርድ እንደ መትረየስ የሚያንጣጣው እሱ ነው። እዚህ ላይ የደጋ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ፓምፕ የሚያምቀው አየር ነው፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በጠፍጣፋ አገር መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የሞተር ፍሬን ኃይል እዚህ ሲደርስ ይቀንሳል። ቱርቦው ምን ያህሉን ይመልሳል የሚለው ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁን ሻጭ አትመኑት።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሹፌሮች ሕግም ለድሮው ከባድ መኪና፣ ለኤንትሬ ዘመን ትክክል ነበር። ኤንትሬ ዳገቱን እያቃሰተ በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚወጣ፣ በዚያው ሲወርድ ይያዛል። የዛሬ ሞተር በከፍተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣል፤ በዚያው ይውረድ ማለት አደጋ ነው። ሕጉ በአንድ ማርሽ ዝቅ መደረግ አለበት፣ አንዳንዴም በሁለት። ምርጫው ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መሀል ላይ ከማርሽ የወጣ ካምቢዮ አልገባ ሊል ይችላል።

ፍሬኑ እንዴት ይረገጥ የሚለው ላይ እኛ ሜካኒኮች እርስ በርሳችን አንስማማም። አንዱ ወገን ቀለል አድርጎ ሳይለቁ ይያዝ ይላል፤ ሌላው ጠንከር አድርጎ ረግጦ፣ ፍጥነቱን በትንሹ ሰብሮ መልቀቅ፣ ሲጨምር መድገም ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንኑ መርምረው ነበር፦ ጠቅላላው ሙቀት በሁለቱም ያው ነው፤ ልዩነቱ በየእግሩ እንዴት ይከፋፈላል የሚለው ላይ ነው። ቀለል ተብሎ ሲረገጥ ሁሉም ፍሬን እኩል አይነቃም፤ ቀድመው የሚነክሱት ብቻቸውን ይጋግራሉ፣ ሌሎቹ ተኝተው ይወርዳሉ። ጠንከር ሲባል ሁሉም ይነቃል። ሆኖም ይህ የሚሠራው ማርሹ አስቀድሞ በትክክል ከተመረጠ፣ ፍሬኖቹ ከተቃኙ፣ መንገዱም ደረቅ ከሆነ ነው። በባዶ ተሳቢ፣ በእርጥብ መንገድ ጠንከር ብሎ መርገጥ እግሩን ቆልፎ ተሳቢውን ወደ ጎን ሊያወጣው ይችላል። ዲስክ ፍሬን ላይም ነገሩ ይለዝባል፤ ዲስክ ሲግል ወደ ሸራው ይሰፋል እንጂ አይሸሽም። ልምድ ያለው ሹፌር ሌላ ቢለኝ ሳልሰማው አላልፍም።

«ተሳቢ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግረኛል። በዘንግ የሚጎተተውንም፣ ግማሽ ክብደቱን በሳህን ላይ ጎታቹ ጀርባ ላይ የጫነውንም እንዲሁ እንጠራቸዋለን። ከፊል ተሳቢ የሚለው የመሥሪያ ቤት ስም አለ፣ መንገድ ላይ ግን አልሰማውም። እንግሊዞች ያንን ሳህን «አምስተኛ ጎማ» ይሉታል፤ በፈረስ ጋሪ ዘመን ከፊተኛው ዘንግ በላይ ጋደም ብሎ የሚዞር ክብ ነበርና። የእኛው ስም ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ ተሳቢ የሚሳበው ዳገት ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ይገፋል። የራሱ ፍሬን ከሰነፈ ደግሞ ጎታቹ የሁለቱንም ሸክም ብቻውን ይይዛል።

ያን ቀን ከጎሚስታ ቤቱ ልወጣ ስል አንድ ባለ ተሳቢ ገብቶ ታኮ አስደረገ። ሹፌሩ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ሳይቸኩል ወርዶ መኪናውን ዞረው። በየእግሩ እየቆመ የእጁን ጀርባ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋል፣ አይነካም፤ ሙቀቱን ይቀበልና ያልፋል። የተሳቢው የመጨረሻ ግራ እግር ጋ ሲደርስ ግን እጁን አስጠጋ፣ ጨመረ፣ በመጨረሻ መዳፉን ሙሉ ብረቱ ላይ አሳረፈው። «አቃጠለዎት እንዴ አባቴ?» አለው ጎሚስታው። «ቢያቃጥለኝማ ደግ ነበር» አለ ሹፌሩ፤ ረዳቱን ጠርቶ ቁልፍ እንዲያመጣ አዘዘውና ከተሳቢው ሥር ገባ።