የድራንሲ ሕንጻ ታሪክ

ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ድራንሲ የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ቦዱዋንና ሎድስ የተባሉ አርክቴክቶች ከ1931 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች «ላ ሙዌት» የተባለውን መኖሪያ ማሠራት ጀመሩ። አምስት ረጃጅም ግንቦች ነበሩት፤ ከእነርሱም ሌላ አንድ ሰፊ ግቢ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የከበበ ቤት ነበረው። የሕንጻው ክፍሎች በፋብሪካ ተሠርተው በቦታው ስለ ተገጣጠሙ፥ በዘመኑ እንደ አዲስ ጥበብ ተቈጠረ።

ዳሩ ግን የፈረስ ኮቴው ቤት ሳይፈጸም ጦርነት መጣ። ጀርመኖች በ1940 ፈረንሳይን ያዙ። ቤቱ በሦስት ወገን የተዘጋ በመሆኑ፥ ክፍት የሆነውን ወገን በእሾህ ሽቦ ማጠር ብቻ ለእስር ቤት በቃ። ከ1941 እስከ 1944 አይሁዳውያን ታጐሩበት፤ ከዘበኞቹም መካከል የፈረንሳይ ጃንደርሞች ነበሩ። ከፈረንሳይ ከተጋዙት 76,000 ያህል አይሁዳውያን ውስጥ 63,000 ያህሉ፥ ሕፃናት ሳይቀሩ፥ የተነሡት ከዚህ ነው። አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትስ ተወሰዱ፤ የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ግንቦቹ በ1976 ፈረሱ። የፈረስ ኮቴው ቤት ግን ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ በ2012 ከፊት ለፊቱ የመታሰቢያ ቤት ተከፈተ።

እንግዲህ ቤትን እስር ቤት የሚያደርገው ድንጋዩ ሳይሆን የሰው ክፋት ነው። ነገ መሐንዲስ ወይም ሹም የምንሆን ተማሪዎች ይህን አንርሳ።