ቴስተሩ ስንት ይበል?

ኤሌክትሮኒክስ በትርፍ ጊዜው የሚነካካ ሰው ኤልኤም386 የሚባለውን ባለስምንት እግር አይሲ አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። ከአንድ ዋት በታች ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ማጉያ ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከጥቂት ካፓሲተርና ሬዚስተር በቀር ሌላ አይፈልግም። ሥዕሉን እያየ ብሬድቦርድ ላይ ገጣጥሞ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ስፒከሩ ከተገናኘ በኋላ ነው፦ ወይ ጭጭ ይላል፣ ወይ ያጉረመርማል፣ ወይ ያለማቋረጥ ያፏጫል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። «አይሲው ተቃጥሏል» ብሎ ሌላ ይገዛል። ሁለተኛውም ያው ሲሆንበት ካፓሲተሮቹን ይቀይራል፤ ቀጥሎ ሬዚስተሮቹን፤ ቀጥሎ ሽቦዎቹን። አንዳንዴ ይሳካለታል፣ ግን ምኑ እንደተበላሸ ሳያውቅ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከጥገና ይልቅ ሎተሪ ብለው ይሻላል።

በአናሎግ ሰርኪዩት ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሊኖር የሚገባው ቮልቴጅ አለ፤ መጠኑንም አስቀድሞ ወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ የቴስተሩን ጫፍ ከማስነካት በፊት «እዚህ ጋ ስንት ማለት አለበት?» ብሎ መልሱን ከሥዕሉ አጠገብ መጻፍ ነው። ቁጥሩን ሳያስብ የሚለካ ሰው 3.2 ቮልት ያነብብና «አለ፣ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። መኖር የነበረበት 4.5 ከሆነስ?

እዚያው አይሲ ላይ እንየው። 6ኛው እግር የባትሪውን ፖዘቲቭ ይቀበላል፣ 4ኛው ግራውንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል 9 ቮልት ገደማ እንጠብቃለን። መለካት ያለበት ግን ባትሪው ላይ ወይም ብሬድቦርዱ ቀዳዳ ላይ ሳይሆን የአይሲው እግር ራሱ ላይ ነው። ባትሪው ላይ 9፣ እግሩ ላይ ዜሮ ካለ፣ መሀል መንገድ ላይ የተቆረጠ ወይም ያልያዘ ነገር አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ እዚያው ተዘጋ።

ቀጥሎ 5ኛው እግር፣ ማለትም የድምፁ መውጫ። ይህ አይሲ ድምፅ በማይገባበት ጊዜ መውጫውን በራሱ የባትሪው ቮልቴጅ ግማሽ ላይ ያቆመዋል። በ9 ቮልት 4.5 አካባቢ መሆን አለበት። 4.5 ካነበብን አይሲው በሕይወት አለ ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ስፒከሩ ጭጭ ያለበትን ምክንያት ከመውጫው ካፓሲተር፣ ከስፒከሩ ወይም ከመግቢያው በኩል እንፈልጋለን። ዜሮ ወይም 9 ከሆነ ግን መውጫው ሾርት መሆኑን፣ መግቢያው ላይ የማይገባ ዲሲ መኖሩን፣ በመጨረሻም አይሲው መቃጠሉን እንጠረጥራለን። አዲስ አይሲ ለመግዛት መነሳት ያለብን እዚህ ስንደርስ ነው።

አንድ ነጻ መሣሪያም አለን፤ እርሱም ጣታችን ነው። የሰው አካል በዙሪያው ካለው የመብራት መስመር 50 ኸርዝ ይለቅማል። በባትሪ ብቻ የሚሠራውን ማጉያ 3ኛ እግር፣ ማለትም የድምፁን መግቢያ፣ በጣት ሲነኩት ስፒከሩ «ህምምም» ካለ፣ ከዚያ እስከ ስፒከሩ ያለው መንገድ ደህና ነው። ይህ የሚደረገው በባትሪ ሰርኪዩት ላይ ብቻ መሆኑን ግን አደራ።

ቴስተሩ ራሱ ደግሞ የሚዋሽበት ጊዜ አለ። ሁለት የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች 9 ቮልት ላይ በተርታ ይታሰሩ። መሀላቸው 4.5 መሆን አለበት። የተለመደው ዲጂታል መልቲሜትር የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋ ኦም ገደማ ስለሆነ፣ ሲነካቸው ከአንዱ ሬዚስተር ጋር ጎን ለጎን ይታሰርና 4.3 አካባቢ ያነብባል። በአሮጌው ባለቀስት ቴስተር፣ በቮልት 20 ኪሎ ኦም በሚባለው ዓይነት፣ በ10 ቮልት መለኪያው ላይ ብንሞክረውስ? ውስጡ 200 ኪሎ ኦም ብቻ ስለሆነ 1.3 ቮልት ገደማ ያሳያል! ሰርኪዩቱ ምንም አልሆነም፤ ቮልቴጁን ጎትቶ ያወረደው መለኪያው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ሬዚስተር ነቅሎ ይጥላል።

ወደ ማጉረምረሙ እንምጣ። ማጉያው ከባትሪ ወጥቶ በትራንስፎርመርና በዲዮድ ከተሠራ ፓወር ሰፕላይ ጋር ሲገናኝ ድንገት ማጉረምረም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ብዙ ይናገራል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በአራት ዲዮድ የተስተካከለ ፓወር ሰፕላይ የሚያሰማው ጉርምርምታ ግን 100 ኸርዝ ነው፣ ከ50ው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ። ስለዚህ ድምፁ 100 ከሆነ ትልቁን የማጣሪያ ካፓሲተር እንይ፤ በተለይ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ከሆነ ውስጡ ደርቆ ሊሆን ይችላል። 50 ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልተሸፈነ የመግቢያ ሽቦ ከአየር ላይ የለቀመው ነው። ለማረጋገጥ መግቢያውን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ይበቃል። ጉርምርምታው ከጠፋ ከመግቢያው በኩል ይመጣ ነበር፤ ካልጠፋ ነገሩ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ግራውንዱ ጋ ነው።

ግራውንድ ሲባል ሰው ሁሉ ዜሮ ቮልት አድርጎ ያስበዋል። ሽቦ ግን ሬዚስታንስ አለው። ስፒከሩ 200 ሚሊ አምፒር የሚመልስበት ቀጭን ሽቦ 0.05 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ በሁለት ጫፎቹ መካከል 10 ሚሊ ቮልት ይፈጠራል። የመግቢያው ግራውንድ በዚያው ሽቦ ላይ ከታሰረ ማጉያው ያንን 10 ሚሊ ቮልት እንደ ድምፅ ይቆጥረውና 20 ጊዜ ያባዛዋል። የስፒከሩን መመለሻ በራሱ ሽቦ፣ የመግቢያውን በራሱ ሽቦ አድርጎ ሁለቱን በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ማገናኘት ያለ ምንም ወጪ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ማፏጨት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ መውጫው ወደ መግቢያው ተመልሶ ሰርኪዩቱ ራሱን በራሱ ሲያንቀሳቅስ የሚመጣ። በዚህ አይሲ ላይ በ1ኛውና በ8ኛው እግር መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲገባ ማጉላቱ ከ20 ወደ 200 ይዘልላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እርሱን አውጥቶ ማየት ነው። ከዚያ በ6ኛው እግር ሥር ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ካፓሲተር መኖሩን ማረጋገጥ፤ ሩቅ ጥግ ላይ የተቀመጠ አይቆጠርም። 5ኛው እግር ላይ የሚታሰሩት 10 ኦም ሬዚስተርና 0.05 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም ሥራ የሌላቸው መስሏቸው የሚተዉአቸው ብዙዎች ናቸው። ድምፁ ማፏጨት ሳይሆን «ቱክ ቱክ ቱክ» ከሆነ ብዙ ጊዜ ባትሪው እየደከመ ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይነሳል።

እንዲህ ያለውን ነገር በዝርዝር ከጻፉት አንዱ ቦብ ፒዝ ነው። ኤልኤም386ን ባወጣው በናሽናል ሴሚኮንዳክተር ለረጅም ዓመታት የሠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ የአናሎግ ሰርኪዩት ብልሽት ስለማግኘት የጻፈው መጽሐፍ በ1991 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ፒዝ ብሬድቦርድን አይወድም ነበር፤ ጎን ለጎን ያሉት የብረት መስመሮች በራሳቸው ትንንሽ ካፓሲተር ይሆናሉ፣ መያዣዎቹም እየላሉ ይሄዳሉ። ለዚህ ዓይነቱ ትንሽ ማጉያ ብሬድቦርድ ምንም አይልም ባይ ነኝ፣ ሽቦዎቹ እስካጠሩ ድረስ። እንደ ስፓጌቲ የተንጠለጠሉ ከሆነ ግን ፒዝ ልክ ነው።

አንድ ነገር ሲቀየር ሌላው ባለበት ይቆይ፤ የተነበበው ቁጥርም ይጻፍ። ሬዚስታንስ ሲለካ ኃይሉ ይጥፋ። ቀዩ የቴስተር ገመድ ከአምፒር መለኪያው ቀዳዳ መውጣቱን ሳያዩ ቮልቴጅ አይለኩ፤ እዚያ እንዳለ ባትሪ ላይ ቢያገናኙት ሾርት ነው። ከ220 ቮልት ጋር በቀጥታ የተገናኘ ፓወር ሰፕላይና የአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ ደግሞ ለጀማሪ የሚሆኑ አይደሉም፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ካፓሲተሮቻቸው አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። የመጀመሪያ ሥራችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ይሁን፤ ልኬታችሁም መጀመሪያ 6ኛው፣ ቀጥሎ 5ኛው እግር ላይ።