በቀዝቃዛ ውሃ የሚሞቅ ዓሣ

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ፋራሎን የሚባሉ ድንጋያማ ደሴቶች አሉ። በዙሪያቸው ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ አይበልጥም። ታላቁ ነጭ ሻርክ ከመስከረም እስከ ኅዳር እዚያ ያደባል፤ የሚጠብቀውም አቆስጣን ነው፣ ያን ስቡ የወፈረ የባሕር አጥቢ።

አብዛኛው ዓሣ የሚዋኝበትን ውሃ ያህል ብቻ ነው የሚሞቀው። ጥፋቱ የስንጥቡ ነው፦ ደም ኦክስጅን ሊቀዳ ወደ ውሃው በተጠጋ ቁጥር ጡንቻ ያፈራውን ሙቀት እዚያው ጥሎ ይመለሳል። የነጭ ሻርክ ደምም ከስንጥቡ የሚወጣው ቀዝቅዞ ነው። ብልሃቱ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ያለ እረፍት የሚዋኝበት ቀይ ጡንቻ እንደ ሌሎች ዓሦች ከቆዳ ሥር ሳይሆን አከርካሪው አጠገብ፣ በሰውነቱ ውስጥ ተቀብሯል። ወደ ጡንቻው የሚገባው ቀዝቃዛ ደምና ከዚያ የሚወጣው ሙቅ ደም፣ ጎን ለጎን በተጣበቁ ቀጫጭን ሥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይተላለፋሉ። ወጪው ሙቀቱን ለገቢው ያስረክባል፤ ስንጥብ ሲደርስ የሚጥለው ብዙም አይቀረው። ሳይንቲስቶች ይህን የሥሮች ጥልፍልፍ «ድንቅ መረብ» ይሉታል፤ አጋነኑ አይባልም።

ዓይኑና አንጎሉም የሚሞቁት በእንዲህ ያለ መረብ ነው። ጨጓራው ከውሃው እስከ 14 ዲግሪ በልጦ ሞቆ ተለክቷል፤ የዋጠው ስብ ቶሎ የሚፈጨውም ለዚህ ነው። ልቡ ግን፣ የሚገርመው፣ እንደ ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ይመታል።

ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም፤ ሙቀት ምግብ ይበላል። ስለዚህ ሻርኩ በጥጋብ ጊዜ ዘይት በጉበቱ ያጠራቅማል፤ ሩቅ መንገድ ሲሄድም ስንቁ እሱ ነው። ኒኮል የተባለች እንስት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ላይ መከታተያ ተገጥሞላት አውስትራሊያ ደርሳ፣ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝታ ተመልሳለች። በመንገዷ 980 ሜትር ጠልቃ 3.4 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ገብታለች።

ግልገሎቹ ይህን አይችሉም። ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣልና ለብ ያለውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ይመርጣሉ። ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ባሕር ባልተለመደ ሁኔታ ሲሞቅ ግን ወደ ሰሜን ዘልቀው ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መታየት ጀመሩ።