ዐፅምና ሰነድ፦ የፒትስበርጉ የቅዱስ አንጦንዮስ ጸሎት ቤት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የቅዱሳንን ዐፅም ከሌላው አጥንት የሚለየው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ያጎላብኝ በአሜሪካ ፔንሲልቫንያ፣ በፒትስበርግ ከተማ ትሮይ ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ የቆመውን የካቶሊካውያን ጸሎት ቤት መጎብኘቴ ነው። ቤቱ የተሰየመው በግብፃዊው መናኝ በአባ እንጦንስ ሳይሆን በፓዱዋው ቅዱስ አንጦንዮስ ነው።

ያሠሩት ከአውሮፓ የመጡት ባለጸጋ ካህን አባ ሱትበርት ሞሊንገር ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1883 ተጠናቀቀ። ዘመኑ በጀርመን ቢስማርክ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተጋጨበት፣ በኢጣሊያም መንግሥት ገዳማትን የዘጋበት ነበር። በዚህ ሁከት ባለቤት ያጡትን ዐፅሞች ካህኑ በወኪሎቻቸው አማካይነት አሰባሰቡ። ዛሬ በቤቱ 5,000 ያህል ይገኛሉ፤ ከቫቲካን ውጭ ትልቁ ስብስብ እንደሆነም ይነገርለታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግማደ መስቀሉ በግሸን ማርያም ከዓይን ተሰውሮ እንደሚጠበቅ በትውፊት እናውቃለን። በትሮይ ሂል ግን ዐፅሙ በመስተዋት ውስጥ ለዓይን ቀርቧል። በካቶሊካውያን ሥርዓት ቅንጣቲቱ በትንሽ ማኅደር ትቀመጣለች፤ ማኅደሯም በክር ታስሮ በሰም ይታተማል፤ የቅዱሱን ስም የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። ማኅተሙ ከተሰበረ ምስክርነቱ ይፈርሳል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግም የቅዱሳንን ዐፅም መሸጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የዚህ ጥበቃ ትርጉም በመሥራቹ ሞት ጊዜ ይበልጥ ይታያል። አባ ሞሊንገር የሰፋው ሕንፃ በሰኔ 1892 እ.ኤ.አ. በተመረቀ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ፤ ኑዛዜም አልተዉም። ሀብታቸው ለዘመዶቻቸው ሲተላለፍ፣ ስብስቡ ግን በቤቱ ጸና።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን እንመርምር። ወረቀቱ የሚመሰክረው ማን እንዳተመውና በማን ስም እንደታተመ ነው፤ ከማኅተሙ በፊት የነበሩትን መቶ ዓመታት ግን በራሱ ሊያረጋግጥልን አይችልም። ያን የሚሸከመው የምእመናን ትውፊት ነው። የታሪክ ተማሪ ሰነዱን ሲመረምር ትውፊቱን ሳይንቅ፣ ትውፊቱን ሲያከብርም ሰነዱ ያላለውን እንዳለ ሳያደርግ መሥራት ይገባዋል።