የንጉሥ ዘር እመምኔቶች

በ7ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የታላላቆቹን ገዳማት እመምኔቶች ዘር ብንቆጥር ብዙዎቹ የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ እህት ወይም ባሏ የሞተባት ንግሥት ሆነው እናገኛቸዋለን። ነገሩን ለመረዳት ከመሬቱ መጀመር ይሻላል። ገዳም ያለ መሬት አይቆምም፤ መሬት የሚሰጠው ደግሞ ንጉሥ ነው። ለእግዚአብሔር የሰጠውን መሬት ልጁ ወይም እህቱ ካስተዳደረችው፣ ርስቱ ከቤተሰቡ ብዙም አይርቅም። የሞቱትም እዚያው ይቀበራሉ፤ ጸሎቱም አይቋረጥባቸውም።

የኖርተምብሪያው ንጉሥ ኦስዊ በ655 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመርሲያውን ንጉሥ ፔንዳን ሊገጥም ሲወጣ ተሳለ፦ ድል ከቀናው ሴት ልጁን ለምንኩስና፣ 12 ርስቶችን ደግሞ ለገዳማት ሊሰጥ። ፔንዳ ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ልጅቱ ኤልፍሌድ ያኔ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። አፍ ሳትፈታ ዕጣዋ ተቆረጠ።

ሕፃኗን ተቀብላ ያሳደገቻት እመምኔት ሂልዳ ናት። ሂልዳ ራሷ የንጉሥ ኤድዊን የወንድም ወይም የእህት ልጅ የወለዳት ስትሆን፣ የመነነችው በ33 ዓመቷ ነው። በ657 ዛሬ ዊትቢ በሚባለው ቦታ፣ ከባሕር በላይ ባለ ገደል ላይ ገዳም መሠረተች። ወንዶችና ሴቶች መነኮሳት በየራሳቸው ሥፍራ ይኖሩ ነበር፤ ሁሉም የሚታዘዙት ግን ለእርሷ ነው። ከዚያ ገዳም ተምረው አምስት ሰዎች ጵጵስና ደረሱ።

በ664 የፋሲካን ቀን ለመወሰን የተጠራው ጉባኤም የተቀመጠው በዚሁ ገዳም ነበር። ጭቅጭቁ ቤተ መንግሥት ድረስ ገብቶ ነበር፦ ንጉሥ ኦስዊ የአይርላንዶችን ስሌት ይዞ ፋሲካን ሲፈስክ፣ የሮምን ስሌት የምትከተለው ንግሥት ኢያንፍሌድ ገና በጾም ሆሣዕናን የምታከብርበት ዓመት ነበር። ሂልዳ የአይርላንዶቹን ወገን ደገፈች፤ ጉባኤው ለሮም ፈረደ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የከብት ጠባቂው ካድሞን ታሪክ ነው። በግብዣ ላይ በገናው ተራ ይዞ ወደ እርሱ ሲቀርብ፣ መዝፈን ስለማይችል ተነሥቶ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት በረት ውስጥ ተኝቶ ሳለ በሕልሙ ዝማሬ ተሰጠው። በማግስቱ የእርሻው አዛዥ ወደ እመምኔቷ አቀረበው። ሂልዳ ሊቃውንቱን ሰብስባ አስፈተነችው፤ ስጦታው እውነተኛ መሆኑን ስታይ አመነኮሰችው፣ ቅዱሳት መጻሕፍትንም እንዲያስተምሩት አዘዘች። የመሳፍንት ልጅነት ሥልጣኑን ሰጣት እንጂ ይህን ማስተዋል አልሰጣትም።

ሂልዳ በ680 ስታርፍ ገዳሙን ኤልፍሌድ ከእናቷ ከኢያንፍሌድ ጋር ተረከበች። በኋላም ከቤተ መንግሥቱ ጋር በተጣላው በጳጳስ ዊልፍሪድ ጉዳይ ጳጳሳቱ ጉባኤ ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ ወንድሟ ንጉሥ አልድፍሪዝ ሊሞት ሲል ከዊልፍሪድ ጋር እርቅ እንዲወርድ መናዘዙን በጉባኤው ፊት መሰከረች። እርቁም ወረደ።