መሣሪያው ካምባ ከደረሰ በኋላ

አቅማቸው ውስን ለሆነ የጤና ተቋማት ርካሽ የሕክምና መሣሪያ ስለ መሥራት ሲወሳ ጎልቶ የሚሰማው የግዢ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ከወረደ፣ ይልቁንም ምርቱ የአገር ውስጥ ከሆነ፣ ችግሩ የሚቃለል ይመስላል። በጋሞ ዞን ካምባ ወረዳ ለሚኖር ታማሚ ግን ይህ ስሌት ማዋጣቱ ያጠራጥራል፤ መሣሪያውን የሚከታተለውና የሚጠግነው ሰው እምብዛም አይቆጠርበትምና።

ለዚህ ማሳያ የሚሆነው «ባብል ሲፓፕ» የተባለው የትንፋሽ መርጃ ነው። ኦክስጅን በቱቦ ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ሲገባ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ የውኃው ጥልቀት የሚፈጥረው ግፊትም የሳንባው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይከደኑ ይጠብቃል። የባንግላዴሽ ሐኪሞች ለዚህ የሻምፑ ጠርሙስ የተጠቀሙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የዳካ ጥናት ከባድ የሳንባ ምች ከያዛቸው ሕፃናት መካከል በዚህ ዘዴ ከታከሙት 4 በመቶ፣ በተለመደው ዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከታከሙት ደግሞ 15 በመቶ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የማላዊ ጥናት ነገሩ ተገለበጠ፤ በሲፓፕ ከታከሙት 17 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት 11 በመቶ ሞቱ። የማላዊው ጥናት ኤች አይ ቪ ወይም ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት ጭምር ስላካተተ ሁለቱን እንደ እኩያ ማስተያየት አይገባም፤ ሆኖም የማላዊው ጥናት በተካሄደበት የወረዳ ሆስፒታል በየዕለቱ የሚከታተል ሐኪም አለመኖሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

በኢትዮጵያ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ካምባ ያለውም የዚሁ እርከን ነው፣ ከማላዊው የወረዳ ሆስፒታል ጋር በእርከን ይቀራረባል። ኦክስጅኑ የሚገኘው ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን ከሚያስቀር ኮንሰንትሬተር ከሆነ፣ ጠርሙሱ የቱንም ያህል ቢረክስ ሕክምናው በመብራት መዋዠቅና በአቧራ በሚደፈን ፊልትሮ ላይ ይንጠለጠላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና ከ112,000 በላይ መሣሪያዎችን የቆጠረ ጥናት በድሃ አገሮች 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በምክንያትነት የጠቀሰው የሥልጠናን፣ የአያያዝንና የመሠረተ ልማትን ጉድለት ነበር። ፊልትሮ ማጠብ የረቀቀ ሙያ አይደለም፤ የሚያጥብ ሰው በመደብ ላይ መኖር አለበት እንጂ። ለአዲስ መሣሪያ ርክክብ ሥነ ሥርዓት ይዘጋጃል፤ ለመለዋወጫ በጀት ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። ኮንሰንትሬተሩ በቆመ ቀን ሕፃኑ ወደ አርባ ምንጭ ሪፈር ይጻፍለታል፤ በመንገድ ላይ ያለው ኦክስጅንም በአምቡላንሱ ሲሊንደር የቀረው ያህል ነው።