ፓይረትሮይድ ፀረ-ተባይ፦ የነካውን ብቻ፣ የነካውንም ሁሉ ይገድላል

የአሜሪካ መጤ ተምች በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2009 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ነው። ከዚያ ወዲህ በቆሎ አምራቹ በየዓመቱ ስለ ርጭት ያስባል። በገበያ ከሚገኙት ፀረ-ተባዮች መካከል ላምዳ-ሳይሃሎትሪን፣ ደልታሜትሪንና ሳይፐርሜትሪን የፓይረትሮይድ ወገን ናቸው። በመለያ ጽሑፉ ላይ ስማቸው “ትሪን” ብሎ ስለሚያበቃ በቀላሉ ይለዩአቸዋል።

እንዴት ይሠራል?

የነፍሳት ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም የሚገባበትን ጥቃቅን በር እየከፈተና እየዘጋ ነው። ፓይረትሮይድ ይህን በር እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ነርቩ እረፍት ያጣል፤ ተባዩ ይንቀጠቀጣል፣ ሽባ ይሆናል፣ ይሞታል። ነገር ግን ኬሚካሉ በተክሉ ውስጥ አይዘዋወርም። የሚሠራው የተባዩን አካል ሲነካ ወይም ተባዩ የተረጨውን ቅጠል ሲበላ ብቻ ነው።

መቼና የት ይረጫል?

ያደገ የተምች እጭ በበቆሎው መሐል፣ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ስለሚሸፈን ርጭቱ አይደርሰውም። ስለዚህ፦

• ማሳዎን በየሳምንቱ ያስሱ። በአምስት ቦታ 20፣ 20 ተክል ይመልከቱ። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከ100 ተክል 20 ያህሉ አዲስ ጉዳት ካሳየ ለርጭት ይዘጋጁ፤ ከዚያ በታች ከሆነ እንቁላሉንና እጩን በእጅ ለቅመው ያጥፉ።
• እጩ ትንሽ ሳለ፣ የመርጫውን አፍ ወደ ጥቅልሉ ቅጠል አቅንተው ይርጩ።
• ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይርጩ፤ ተምቹ ለመብላት ይወጣል፣ ንብም ወደ ቀፎዋ ትገባለች።

ጥንቃቄ

ፓይረትሮይድ ተምችን ከንብ አይለይም። ካፋ የማር ሀገር ነው፤ ንብ ደግሞ የበቆሎ አበባ ዱቄት ትቀስማለች። በቆሎው ካበበ አይርጩ፤ ከመርጨትዎ በፊትም ቀፎ ላላቸው ጎረቤቶችዎ ይንገሩ። ዓሣንም ክፉኛ ስለሚጎዳ መርጫውን በወንዝ ወይም በምንጭ አጠገብ አይጠቡ።

አንዱን ኬሚካል ደጋግሞ መርጨት የሚተርፈውን ተምች ያላምደዋል። መጠን መጨመርም መፍትሔ አይሆንም፤ በተለየ መንገድ የሚሠራ ፀረ-ተባይ ለመቀያየር የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ቦቲ ጫማና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። መጠኑንና ከርጭት እስከ አጨዳ የሚጠበቁትን ቀናት ከመለያ ጽሑፉ ላይ ያንብቡ። ባዶ ዕቃውን ለውሃም ሆነ ለእህል አይጠቀሙበት።